ቀኛዝማች አሻግሬ በቁሙ የተለቀሰለት ቀን

እኔን የበደለኝ ሰው ቀኛዝማች አሻግሬ ወልደ ትንሣኤ ይባላል፤ ስሙን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፌም በነገር ዙሪያ መሽከርከር፥ እገሌ እያሉም መሸፋፈን የእኔ ልማድ ስላልሆነ ነው። ሹመት የሚሻ ሰው ልብ፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሦስት በር እንዳለው ግምብ ነው፤ በአንደኛው ትዕቢት ይገባበታል፥ በሁለተኛው የሥልጣን ምኞት ይመላለስበታል፥ በሦስተኛው የሕዝብ ውዳሴና እልልታ ይነፍስበታል፤ ሊቃውንትና ጠቢባን፥ መኳንንትና ወይዛዝርትም ይህ ሰው በየትኛው በር ገባ፥ ያኛውስ በየትኛው ወጣ እያሉ ከጥንት ጀምሮ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ነገር ግን የግምቡ ጌታ ራሱ በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቅ እንደ ሆነ ቀርቦ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። እኔ ጠየቅሁት፤ መልሱንም በጆሮዬ ሰማሁ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም ያላለፈ፥ ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ በአጥቢያው ቅጥር ለሙታን ቆሜ ያለቀስሁ፥ ፍትሐቱንና ቅኔውንም ከካህናቱ አፍ እንደ እሸት የለቀምሁ ሴት ነኝና፥ ቃሌ አንዳንዴ ከፍ ብሎ አንዳንዴ ቢሰበር ይቅር በለኝ፤ አሻግሬንም እርሱ እያልሁ እንጂ እርሳቸው እያልሁ ስለማልጽፍ አትቀየመኝ፤ እናቱ ስታምጥ ወገቧን የደገፍሁ፥ ሲወለድም እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ።

ቆቅ ውኃ የምትባለው ከተማችን በገደል አፋፍ የተቀመጠች፥ ነፋሷ ብርቱ፥ ሕዝቧም ከነፋሷ የበረታ ናት፤ በእርሷ ዘንድ ሰው ሲሞት አፈር ብቻ አልብሰውት አይመለሱም፤ ስሙ በሙሾ ተጠርቶ፥ ትውልዱና ሙያው፥ ቸርነቱና አንዳንዴም ክፋቱ ሳይቀር በግጥም ተነግሮ፥ ሕዝቡ በረገዳ ምድሪቱን እያንቀጠቀጠ ይሸኘዋል። ይህን ያላገኘ ሙት በእኛ ዘንድ እንዳልኖረ ይቆጠራል። ሙሾ አውራጇም እኔ አዛለች ነበርሁ፤ በትዕቢት ካልተቆጠረብኝ፥ ቢቆጠርብኝም ግድ የለኝ፥ በዙሪያው ባሉት አድባራት ሁሉ የሚስተካከለኝ አልተገኘም። አንድ ቀን ታዲያ የአውራጃው ገዥ፥ ባሕር ተሻግሮ የተማረና በበጋ ጓንት የሚያጠልቅ ሰው፥ በከተማችን ሲያልፍ ከልቅሶ ጋር ተገጣጠመና፥ በቅሎው ከጩኸቱ የተነሣ ደንብራ ልትጥለው ስለ ነበር፥ ኮፍያውን ከመሬት እያነሣ፥ «የሠለጠነ ሕዝብ በመሐረብ ያለቅሳል» አለ። አሻግሬ በዚያን ጊዜ የከተማችን ሹም ነበር፤ ይህችን ቃል ከገዥው አፍ ገና ሳትወድቅ ቀለባት፤ በማግሥቱም በገበያ ላይ ጥሩምባ አስነፍቶ፥ በቆቅ ውኃ ከተማ ውስጥ ሙሾ ማውረድ፥ ደረት መድቃት፥ ፊት መንጨትና መርገድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን፥ ሐዘንተኛም በመሐረብ ብቻ እንዲያለቅስ አስነገረ። በእኛ ከተማ መሐረብ የነበረው ከአንድ የመድኃኒት ነጋዴ በቀር ማንም አልነበረም፤ እርሱም ለማስነጠሻ ነበር የያዘው።

ከአዋጁ በኋላ መጀመሪያ የሞተችው የራሱ እናት፥ እመት ዘርትሁን ናት፤ ስንዴ ስትሰፍር እጇ የማይሰስት፥ ስትቆጣ ሰፈሩን የምታርድ፥ ስትስቅ ሰፈሩን የምታስቅ ሴት። ገዥው በቀብሩ ላይ ተገኝቶ ነበርና፥ አሻግሬ ነጭ መሐረብ በእጁ ይዞ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆመ፤ ሳያርሰውም አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ገዥው ጨበጠው፥ የቀኛዝማችነቱም ማዕረግ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ከእርሷ በኋላ ሟቹ ተከታተለ፤ ሁሉም በዝምታ ወረደ። በሦስተኛው ክረምት ደግሞ የእኔ እኅት ትርንጎ፥ አንድ ማሕፀን የተካፈልን፥ በአንድ ቁርበት ላይ ያደግን፥ በሐምሌ ዝናብ መካከል ሞተችብኝ። ሬሳዋ ከቤት ሲወጣ አፌን ከፈትሁ፤ ያን ጊዜ ዱላ የያዘው የሹሙ ዘበኛ ቀረበኝና፥ እርሱ ራሱ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፥ «እትዬ አዛለች፥ በማርያም ይሁንብዎ፥ እንጀራዬን አይዝጉብኝ» አለኝ። ነጠላዬን ነከስሁ። ለዘመድ ለባዳው፥ ለደግ ለክፉው፥ ለወዳጅ ለባላጋራው ሁሉ ድምፄን ያፈሰስሁ ሴት፥ ለገዛ እኅቴ ዲዳ ሆኜ ተመለስሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ ስሟ ሳይጠራ በአፈር ውስጥ አለች፤ እኔም ስሟን በከተማው ሰማይ ስር፥ በሕዝቡ ፊት፥ ከፍ ባለ ድምፅ ሳልጠራ እንዳልሞት ብቻ እለምን ነበር። ከእግዚአብሔር የምፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም።

እንግዲህ የሕዝብ እንደራሴ የሚመረጥበት ወራት ደረሰ፤ አሻግሬም የከተማ ሹመቱ ጠበበው፥ በአዲስ አበባ ምክር ቤት በቆዳ ወንበር ላይ መቀመጥ አማረው። የሚወዳደረው ከማዶው ቀበሌ የመጣ፥ በሬና ጠጅ የማይሰስት ባለጸጋ ነው፤ ነገር ግን ገዥው መራጭን አብልቶ አጠጥቶ ድምፁን መለመን ክልክል ነው ብሎ ነበርና፥ የሁለቱም እጅ ታሰረ። አሻግሬ ግን በዝምታ የሚተኛ ሰው አይደለም። በአገራችን ሰው በሕይወቱ ሳለ የገዛ ተዝካሩን የሚያወጣበት፥ የቁም ተዝካር የሚባል ልማድ አለ፤ ልጅ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው፥ ከሞትሁ በኋላ ማን ያስበኛል ሲል፥ ካህናቱን ሰብስቦ ፍትሐት ያስፈታል፥ ድሆችንም ያበላል። ተዝካርን መከልከል የሚችል ገዥ ደግሞ ገና አልተወለደም። ስለዚህ አሻግሬ፥ ልጆቹ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው ሳሉ፥ ጤናውም እንደ ወይፈን ሆኖ ሳለ፥ ነፍሱን አስቦ የቁም ተዝካር ሊያወጣ ነው ተባለ። ይህ እንኳ አልበቃውም። አንድ ማለዳ፥ ጎንበስ ብሎ፥ የተንዘረፈፈ ካባውን ሰብስቦ ወደ ደሳሳዋ ቤቴ ገባ።

«እትዬ አዛለች፥ ሙሾ እንዲያወርዱልኝ መጣሁ።»

«ማን ሞተብህ?»

«እኔ።»

«ነፍስህን ይማር። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አይቀልዱብኝ። ለቁም ተዝካሬ ነው፤ ቅዳሜ ዳሱ ይጣላል፥ ፈረሴ ይጫናል፥ ካባዬ ይወጣል፤ የእርስዎ ድምፅ ካልታከለበት ግን ተራ ምሳ ሆኖ መቅረቱ ነው።»

«አዋጁስ? በመሐረብ ነው ወይስ በደረት?»

«አዋጁ ለሞተ ሰው ነው» አለ ፊቱ ሳይቀላ፤ «እኔ አልሞትሁም።»

«አንተስ የት ትሆናለህ?»

«ከመጋረጃ ጀርባ እቀመጣለሁ። ሰው ሳይሞት ይህን የሰማ የለም፥ እትዬ፤ ከሞተ ወዲያ ደግሞ ምን ጆሮ አለው? ስንቱ እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ ልስማው።»

እሺ አልሁት። ይህችን እሺታዬን ግን በቅንነት አልተናገርኋትም፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ፥ ድምፄም ተፈቅዶልኝ፥ ዘበኞቹም ዱላቸውን አስቀምጠው የምቆምባት ብቸኛዋ ቀን ይህች ነበረችና፥ ደስታዬ ከጉሮሮዬ እንዳያመልጥ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ያዝሁት። እርሱ እንደ ወጣ ወደ መሪጌታ ላቀው ሮጥሁ፤ የድጓው መምህር፥ የዕድሜ እኩያዬ፥ በክርክር ካላሸነፉኝ ምሳቸው የማይወርድላቸው ሽማግሌ ናቸው። በዋንዛው ጥላ ስር ብራና እየፋቁ አገኘኋቸው፤ ነገሩን ብነግራቸው መፋቂያውን አስቀመጡ።

«ይህ የሳጥናኤል ደዌ ነው፥ አዛለች፤ ትዕቢት። ከዋክብትን ከእኔ በታች አያለሁ ያለውን የጣለ ነው።»

«የኔታ፥ ትዕቢተኛ በእኔ በር ጎንበስ ብሎ አይገባም። ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ የሹመት ምኞት ነዋ። ሹመት የራበው ሰው እንኳን በአንቺ በር በአይጥ ጉድጓድም ይገባል።»

«ሹመት ብቻ የራበው ሰው በሬውን ያርዳል፥ ሰዉን ያበላል፥ ወረቀቱን ይቆጥራል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ እንባ ምን ያደርግለታል? መወደድ ነው የፈለገው፥ የኔታ። ይህ ሰው ቢሾም እንኳ የሚያጨበጭብለት ካላገኘ ሹመቱን አውልቆ የሚጥል ነው።»

«አንቺስ? ሰው በሌለበት ስታለቅሺ ያየሽ አለ?»

«እኔ ለምክር ቤት አልወዳደርም።»

«ብትወዳደሪ ሁለቱንም በዝረራ ትጥያቸው ነበር» አሉና ብራናቸውን መፋቅ ቀጠሉ፤ ቀና ሳይሉም፥ «ምን ልታደርጊ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ላወርድለት ነዋ» አልኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያውቁኛልና፥ «እግዚአብሔር ይርዳው» አሉ፤ እኔን አላሉም።

ቅዳሜ ሆነ። ዳሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ገበያው ዳር ተዘርግቶ፥ ሕዝበ ቆቅ ውኃ ነጭ ለብሶ፥ የማዶውም ሰው ወንዝ ተሻግሮ፥ ካህናቱ በጽናጽልና በመቋሚያ፥ ዲያቆናቱ በጥላ፥ አዛውንቱ በምርኩዝ፥ ጠጁ በጋን፥ ሥጋው በየገበታው ሲፈስስ፥ እኔ በሕይወቴ ብዙ ተዝካር አይቼ እንደዚያ ያለ ሙት የደላው ተዝካር አላየሁም። በዳሱ ራስ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ሟቹ ከኋላው ነው። ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ ፈረሱ ተጭኖ፥ ጠመንጃው በኮርቻው ላይ ተጋድሞ፥ ካባው በላዩ ተደርቦ፥ እንደ ደንቡ በሐዘንተኛው መካከል ይመራ ጀመር፤ ነገር ግን ያ ምስኪን እንስሳ የጌታውን ሽታ ከመጋረጃው በስተጀርባ አግኝቶ፥ መሪውን ጎትቶ፥ አንገቱን በመጋረጃው ስር አስገብቶ ያሽካካ ጀመር። «ተዉት፥ ሬሳውን አገኘው» አለ አንድ የማዶ ሰው፤ ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ከመጋረጃው ኋላም «ሂድ፥ ሂድ ወዲያ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። በዚህ ሳቅ መካከል ነው እኔ የተነሣሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፥ መቀነቴን አጥብቄ፥ በክቡ መካከል ቆምሁ፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አፌን ስከፍት ድምፄ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። ነበረ።

በዱላ አስፈራርቶ፥ አፌን ቢዘጋብኝ፤
እንባዬ ወደ ውስጥ፥ ስንት ክረምት ጣለብኝ።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። እኔም የአሻግሬን ጀግንነት፥ የአሻግሬን ዘርና ማዕረግ ትቼ፥ በመሐረብ የተቀበሩትን በየስማቸው እጠራ ጀመር፤ ሸማኔውን በመወርወሪያው፥ አዋላጇን በእጆቿ፥ ሳይጠግብ የሞተውን ሙሽራ በሚዜዎቹ፥ ገና ስም ያልወጣላትን ሕፃን በእናቷ ጡት፤ አንዱን ስጠራ በዳሱ ማዕዘን አንዲት እናት እዬዬ ብላ ትነሣለች፥ ሌላውን ስጠራ በሌላው ማዕዘን ወንድም ደረቱን ይደቃል፤ እስከ ዛሬ የታፈነው ልቅሶ ሁሉ እንደ ደራሽ ውኃ ግድቡን ጥሶ ወጣ፤ ምድሪቱ በረገዳ ተንቀጠቀጠች፥ የጠጁ ጋን ተገለበጠ፥ ያንን ያየው ሰው የለም፤ እኔን በእኅቴ ቀብር አፌን ያስያዘኝ ዘበኛ ራሱ ዱላውን ወርውሮ አባቱን እየጠራ ይረግድ ነበር። እኔም ደሜ በጆሮዬ ውስጥ እንደ ከበሮ እየመታ፥ ስጠብቀው የኖርሁትን ስም አወጣሁ፦

ለቀደሙሽ ሁሉ፥ ምን ብለሽ ታወሪ፤
ስምሽ ሳይጠራልሽ፥ ካፈር ስታድሪ።

«ትርንጎ፥ ትርንጎ» አለ ሕዝቡ፤ እኅቴን በአንድ አፍ ጠራት። በዚያ ላይ ባቆም ይበቃኝ ነበር። አላቆምሁም። ቂሜ ገና አልጠገበምና፥ ፊቴን ወደ ቀዩ መጋረጃ መልሼ፥ ለመጨረሻ ያስቀመጥኋትን፥ እንደ ጦር የሳልኋትን ወረወርሁ፦

እመት ዘርትሁን ሆይ፥ አትቀየሚን፤
ልጅሽ ለራሱ ነው፥ አልቅሱ የሚለን።

ረገዳው ቀጥ አለ። በዳሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ፤ አንዳንዱ ጎረምሳ ድንጋይ በእግሩ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ እኔም ይህ ሰው አንድም ሽጉጥ ይዞ ይወጣል፥ አንድም በኋላ በር ይሸሻል፥ በሁለቱም መንገድ አለቀለት ብዬ በልቤ እልል እል ነበር። መጋረጃው ተገለጠ። አሻግሬ ወጣ፤ ካባ የለውም፥ ጫማ የለውም፥ ሸማውን እንደ ሐዘንተኛ አገልድሟል፤ ፊቱ ከቅንድቡ እስከ አገጩ በእንባ ታጥቧል። ማንንም ሳያይ በሕዝቡ መካከል አልፎ በክቡ ውስጥ በጉልበቱ ወደቀና፥ «እናቴን» አለ፤ «እናቴን እንደ እንጨት ቀበርኋት፤ እናንተንም እንደዚያው አስቀበርኋችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አዋጁ ተሽሯል። አልቅሱ፤ እኔንም ከእናንተ ጋር አስለቅሱኝ» ብሎ ደረቱን ይደቃ ጀመር። አንባቢ ሆይ፥ ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት ልንገርህ? ድንጋይ ሲፈልግ የነበረው ጎረምሳ ቀድሞ ደግፎ አነሣው፤ ልጆቻቸውን በዝምታ የቀበሩ እናቶች እንባውን በነጠላቸው ጠረጉለት፤ የማዶው ሰው ሁሉ የራሱን ባለጸጋ ትቶ «የእኛ ሰው» እያለ ከበበው፤ ሊገድለው የተወረወረው ጦሬ አንሥቶ በጫንቃቸው ላይ አስቀመጠው። ምርጫው በዚያች ሰዓት ተፈጸመ፤ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር። እኔም በክቡ መካከል፥ እኅቴን አግኝቼ ጠላቴን ያነገሥሁ ሴት፥ ልስቅ ወይስ ላለቅስ ሳላውቅ ቆሜ ቀረሁ፤ መሪጌታ ላቀውም በአጠገቤ ሲያልፉ፥ «ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ያስመረጥሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሕዝቡ ወደ ገበታው ሲመለስ ግን ገፍቼ ደረስሁበት። በኮርቻው አጠገብ፥ ፊቱን በፈረሱ አንገት ላይ አሳርፎ ቆሞ ነበር፤ ሰውም በአክብሮት ራቅ ብሎለታል።

«አሻግሬ፥ ወደ እኔ ተመልከት። ስትወለድ ያየሁህ ነኝና አትዋሸኝ። ያ እንባ የማን ነው? የእናትህ ነው ወይስ የምርጫው?»

ፊቱን ከፈረሱ አንገት አነሣ። ያፈረ ነገር ግን እውነተኛ መልክ በፊቱ ላይ ነበረ፤ እንደዚያ ያለ መልክ ከሕፃንነቱ ወዲህ አይቼበት አላውቅም።

«ስነሣ የእናቴ ነበር፥ እትዬ» አለ። «መጋረጃውን ስገልጥ ግን ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን... እውነቱን ልንገርዎ? እኔም አላውቅም።»

ቁጣዬ ከእጄ ወደቀ። ትዕቢትም ምኞትም ውዳሴም እያልን ስንሟገትለት የዋልነው ሰው፥ በገዛ ግምቡ ውስጥ እንደ እንግዳ ቆሞ በሩን የሚፈልግ ሰው ሆኖ አገኘሁት። «እንግዲያስ የምታውቅበትን ልንገርህ» አልሁት፤ «ነገ በማለዳ፥ ያለ አጃቢና ያለ ጭፍራ፥ ብቻህን ወደ እናትህ መቃብር ና። እኔም መጥቼ አወርድላታለሁ። ማንም በማያይህ ቦታ የሚወርደው የእርሷ ነው።»

«እመጣለሁ፥ እትዬ። በእናቴ አጥንት፥ እመጣለሁ» አለኝ፤ ይህንንም ሲለኝ ከልቡ ነበር ብዬ ዛሬም እመሰክርለታለሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣሁ፤ አስቀድሜም በትርንጎ ራስጌ ቆሜ፥ በከፍተኛ ድምፅ፥ ማንንም ሳልፈራ፥ ልቤ እስኪረካ አወረድሁላት፤ ቁራዎቹ ከጽዱ ላይ እየበረሩ ሸሹ፥ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ እመት ዘርትሁን መቃብር ተሻገርሁና ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣ፤ ጤዛው ደረቀ። ከገበያው ወገን ከበሮና እልልታ ተሰማ፤ ከአፋፉ ቁልቁል ባይ፥ ሕዝቡ አሻግሬን በጫንቃው ተሸክሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዞረው፥ እርሱም በሁለት እጁ ሲባርክ አየሁት፤ አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ያቀና መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ሌላ ጫንቃ ተቀበለው። አልተቆጣሁም። ነጠላዬን ዳግመኛ አዘቅዝቄ፥ ሰሚ በሌለበት፥ ከበሮውም ድምፄን እየሸፈነብኝ፥ ያችን ደግ ሴት ከልጅነቷ ጀምሬ እስከ ምጧ፥ ከምጧም እስከ ዝምታዋ ድረስ፥ አንድ ሳላስቀር ብቻዬን አለቀስሁላት፤ ሙታን አይመርጡም፥ አይሾሙም፥ አያጨበጭቡምና፥ ወደ እነርሱ የሄደ ሰው ምን ሽቶ እንደ ሄደ አይጠየቅም።